ሰባ ሁለተኛው ሰዓት (ክፍል 4)

ባለፈው ሳምንት፦ የእንስሳት ሐኪሟ ሂክማ በእትዬ ዘነበች በረት ያሉትን 9 የወተት ላሞች አንገታቸውን ሁለት ሁለት ቦታ ላጭታ የቲቢ መመርመሪያ መርፌ ወጋች። በማግስቱ ሌሊት ጅብ አጥሩን ጥሶ አንዲት ጥጃ በላ። የሰፈሩ ሰው «የከብቱን ሳል ያመጣው ይኸው አውሬ ነው» ብሎ ተነሣ። የከብት ነጋዴው ተፈራም ለመርዝ መግዣ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ።

* * *

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። መርፌው ከተወጋ 72 ሰዓት ሞላው።

ሂክማ ካሊፐሯን በአልኮል ጠርጋ ወደ በረቱ ስትገባ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ጨብጠው ቆመዋል። ከኋላቸው ተፈራ መፋቂያውን ያኝካል። ከብት ጠባቂው አብዲ የመጀመሪያዋን ላም ከግንዱ ጋር አስሮ ይጠብቃል።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ ዘነበች?»

«ይመስገነው። ምኑን አደርኩት ብለሽ ነው! እስቲ ቶሎ ገላግይኝ፣ ልጄ።»

ሂክማ ቡሬን ጀመረች። የተላጨውን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ በካሊፐሩ ለካች። ላይኛው ቦታ ላይ የተወጋው ፈሳሽ የወፎችን ቲቢ ከሚያመጣው ተህዋስ፣ ታችኛው ላይ የተወጋው ደግሞ የከብቱን ከሚያመጣው ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ የተዘጋጀ ነው። በሽታው ያልነካት ላም በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አታሳይም። ተህዋሱ ውስጧ ካለ ግን ሰውነቷ ጠላቱን ያውቀዋልና ታችኛው ቦታ ያብጣል። የወፉ መርፌ የሚጨመረው በአፈርና በውሃ ውስጥ የሚኖሩ የተህዋሱ ዘመዶች ሐኪሙን እንዳያሳስቱት ነው። የታችኛው እብጠት የላይኛውን ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከበለጠው ላሚቱ ተይዛለች ማለት ነው።

ቡሬ ነጻ። ሻሼ ነጻ። ዳልቻም ነጻ። እትዬ ዘነበች በእያንዳንዷ ስም ያማትባሉ።

አራተኛዋ ወለላ ናት። በቀን 18 ሊትር የምትታለብ፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ የዕቁቡን፣ የሌሎቹን ላሞች መኖ ሳይቀር ጀርባዋ ላይ የተሸከመች። ሂክማ ካሊፐሩን ገና ሳታሳርፍ አየችው። ታችኛው ቦታ በግማሽ የተቆረጠ ሎሚ ያህል ተነፍቷል። ላይኛው ከ8 ወደ 10። ታችኛው ከ8 ወደ 21።

«አብዲ፣ እስቲ ደግመህ አጥብቀህ ያዛት።»

ደግማ ለካች። ያው 21።

«እትዬ ዘነበች... ወለላ ተይዛለች።»

ሴትዮዋ አልጮኹም። ቀስ ብለው ተጠግተው የላሟን ግንባር አሻሹላት። ወለላ እንደ ወትሮዋ እጃቸውን ላሰች። ሂክማ ይህን ማየት ስላልቻለች ወደሚቀጥሉት ላሞች ዞረች። ከወለላ በስተቀኝና በስተግራ የሚታሰሩት ሁለቱም ታችኛው ቦታቸው አብጧል። የቀሩት ነጻ ናቸው። ከ9ኙ 3 ማለት ነው። በረቱን ቀና ብላ ቃኘችው፤ ለ9 ላም አንዲት ጠባብ መስኮት። ሐረር ሌሊት ሲበርዳት መስኮቷም በጆንያ ትደፈናለች። በሽታው በትንፋሽ ነው የሚሄደው፤ ላም ስታስል፣ ጎረቤቷ ስትተነፍስ። እዚህ በረት ውስጥ ሌላ መንገድ መፈለግ አያስፈልገውም።

ተፈራ መፋቂያውን ተፋው። «አላልኳችሁም? ጅቡ ነው! ዛሬ ማታ አንድ ነገር ካላደረግን የሁላችንም ከብት ያልቃል።»

«ጋሽ ተፈራ፣ ጅቡ የገባው ማክሰኞ ሌሊት ነው» አለች ሂክማ። «ይህ ተህዋስ ማክሰኞ ገብቶ ሐሙስ ቆዳ አያሳብጥም። ምርመራው እንዲያውቀው እንኳ ሳምንታት ይፈጃል። ወለላ ውስጥ ያለው የቆየ ነገር ነው።»

«ማክሰኞ ብቻ መቼ መጣ? በየሌሊቱ ይዞራል።»

«ይዞራል። ጅብ ቲቢ አይነካውም አልልም። ደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ጎሾች ታመው ተገኙ፤ እነሱን የበሉ አንበሶች ታመሙ፤ ጅቦችም ላይ ተህዋሱ ታይቷል። ግን ከማን ወደ ማን እንደሄደ ልብ ይበሉ። ጎሾቹ ያገኙት ከፓርኩ ውጭ ካሉ ከብቶች ነው። እዚህም ጅቡ የሞተ ከብታችንን ይበላል እንጂ በረት ውስጥ ከላሞች ጋር ትንፋሽ ለትንፋሽ አያድርም።»

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። አንዱ ወጣት «ፈረንጆቹስ አውሬውን ጨርሰው አይደል በሽታውን ያጠፉት?» አለ።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሂክማም አላቃለለችበትም። እንግሊዞች ባጀር የሚባል ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር አውሬ እንዳላቸው፣ ያ አውሬ በእርግጥ ከከብት ጋር ቲቢ እንደሚቀባበል ነገረችው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 አካባቢ ለይተው እየገደሉ ሞከሩት። በተገደለበት መሬት በሽታው ቀነሰ፤ በዳርቻው ባሉ እርሻዎች ግን ጨመረ። የተረፉት ባጀሮች መንጋቸው ሲፈርስ፣ ክልላቸው ሲናድ ተበትነው በሽታውን ይዘው ሄደዋልና። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደግሞ ከ200 ሺህ በላይ ተገድሏል፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። አሁን ባጀሩን በወጥመድ ይዘው ቢሲጂ የተባለውን የቲቢ ክትባት እየወጉ የሚለቁም አሉ።

«ያውም በሽታውን ለከብት በሚመልስ አውሬ ላይ ነው ይህ ሁሉ» አለች። «የእኛው ጅብ ሌላ ሥራ ነው ያለው። መቀሌ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ቅሪት ይበላሉ። ያ ሁሉ ሜዳ ላይ ቢበሰብስ ኖሮ በየዓመቱ 5 ሰው፣ ከከብት፣ ከበግና ከፍየል ደግሞ 140 በአባሰንጋና በከብት ቲቢ ይያዙ ነበር ብለው ገምተዋል ተመራማሪዎቹ። ጅቡን ስንገድል የማን ጠራጊ እንደምንገድል እንወቅ።»

«ታዲያ ከየት መጣብኝ?» አሉ እትዬ ዘነበች። ይህን ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ።

«ወለላን ከየት ነው የገዟት?»

ሴትዮዋ አልመለሱም። ዞረው ተፈራን ተመለከቱት። ሰዉም ተመለከተው።

«አንተ አይደለህ ያመጣህልኝ? ከአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከትልቅ እርባታ ነው ብለህ?»

ተፈራ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁ። ላሟ ስትመጣ ትቦርቅ ነበር።»

ቦርቃም ይሆናል። የዚህ በሽታ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ላሚቱ ወተቷ ሳይጎድል፣ ፀጉሯ እያብለጨለጨ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይዛው ትኖራለች። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የወተት እርባታዎች ቲቢ በገጠሩ አገርኛ ከብት ላይ ካለው በእጅጉ የበዛ መሆኑን የአገራችን ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። ከእነዚያ እርባታዎች የተዳቀሉ ጊደሮች በአይሱዙ እየተጫኑ ወደ ክልል ከተሞች ይሄዳሉ። በሽታው በአራት ጎማ ሲጓዝ ማንም አያስቆመውም፤ ጅብ ግን ጥርሱ ስለሚታይ ሁሉም ድንጋይ ያነሣበታል።

«ለሕፃናት የሚሰጠው ክትባት ለላም አይሆንም?» አሉ እትዬ ዘነበች። «ያ ክንዳችን ላይ ጠባሳ የሚተወው?»

ሂክማ ወደ ሴትዮዋ ቀረበች። «እትዬ፣ ያ ክትባት እኮ መጀመሪያውኑ ከከብቱ ተህዋስ ነው የተሠራው። ካልሜትና ጌራን የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ለዓመታት አዳክመውት እ.ኤ.አ. በ1921 ለሕፃን ሰጡት። ወደ ጥጃ መልሶ የመውሰዱን ነገር ደግሞ እዚሁ አገራችን ውስጥ ሞክረውታል። ሰበታ ላይ የተከተቡና ያልተከተቡ ከብቶች ከታመሙት ጋር አንድ ዓመት አብረው ኖሩ። ከዚያ እነዚያው በተራቸው ከሌሎች ጤነኞች ጋር ሌላ አንድ ዓመት። ውጤቱ በ2016 ዓ.ም. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ። ክትባቱ ከብቷን ከመያዝ በ58 በመቶ ያህል ጠበቃት። ተከትባ የተያዘችው ደግሞ ወደ ሌላ የማስተላለፍ አቅሟ በ74 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ስርጭቱን በ89 በመቶ ይቀንሳል ነው የተባለው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ውጊያቸዋ!»

«ለወለላ አይሆንም፤ የተያዘችን አያድንም። ለጥጆቹ ነው። ለእነሱም ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ የለም፤ ገና ከምርምር ወደ በረት አልወረደም። ሌላም ችግር አለ። የተከተበች ላም በዚህ በያዝኩት መርፌ ስትመረመር እንደታመመች ሆና ታብጣለች። የተከተበችውን ከታመመችው የሚለይ ሌላ መመርመሪያ አለ፤ እሱም አብሮ መምጣት አለበት።»

እትዬ ዘነበች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የተያዘችን ላም ለሚያስወግድ አርቢ ካሳ የሚከፍለው የለም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ሂክማ ልትላቸው የምትችለው ትንሽ ነው፦ ሦስቱን ለብቻ ማሰር፣ መስኮቱን መክፈት፣ ወተቱን ሁሉ እስኪገነፍል ማፍላት፣ እርጎም ቢሆን ካልፈላ ወተት አለማርጋት። ወለላን ደግሞ ቅዳሜ ቄራ ማስገባት፣ በሥጋ መርማሪ ፊት። ጎድሎ የሚገኘው ዋጋ ቢያምም ከምንም ይሻላል።

በዚህ መሃል የእትዬ ዘነበች የልጅ ልጅ፣ ሚጡ፣ ከቤት ወጥታ ቀሚሳቸው ሥር ተሸጎጠች። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሂክማ ፀጉሯን ልትዳብስላት እጇን ሰደደችና ጣቷ ከመንጋጋዋ በታች ካለ አንድ ጠጣር ዕጢ ላይ ቆመ።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እሱማ ከፋሲካ ወዲህ ነው። አያማትም። ቅቤ እናሽላታለን።»

«ወተቱን ጥሬውን ነው የምትጠጣው?»

እትዬ ዘነበች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«አይደንግጡ» አለች ሂክማ ቶሎ ብላ። «እንዲህ ያለ ዕጢ አገራችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ቲቢ ነው የሚያመጣው፤ በሰፊው ተመርምሮ ከላም የመጣ ሆኖ የተገኘው ጥቂት ነው። ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ግን ሳይመረመር አይታደርም። ዛሬውኑ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይውሰዷት። ምን እንደምትጠጣም ለሐኪሙ ይንገሩ። ቲቢ ከሆነ መድኃኒት አለው፤ ትድናለች።»

ተፈራ በዚህ ሁሉ መሃል ስልኩን ይነካካ ነበር። ቀና ብሎ፣ «የወለላን ነገር ለእኔ ተዉት፣ ዘነበች። ቄራ እኔ አስገባታለሁ» አለ። ድምፁ ለስልሶ ነበር።

* * *

ሂክማ ከሰዓት በኋላ ጀጎል ገባች። በመኪና ግርግር መንገድ ባሉ ልብስ ሰፊዎች መካከል ስታልፍ እናቷ ከሐረማያ ደወሉ። ሦስት ጥጃ አለኝ፣ አሁን የቀረኝ የምትታለብ ላም ነው፣ እህትሽ አራስ ናት፣ ወተት ያስፈልጋታል፣ ሰው ነግሬያለሁ... የስፌት መኪናው ጩኸት ግማሹን ዋጠው። «እሺ እማ፣ ማታ እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋች።

አያቷ ነደባው ላይ ተቀምጠው ወተት የገባበት ሆጃ ይጠጣሉ። ወተቱ መፍላቱን ሳትጠይቅ አልተቀመጠችም።

«ጅቦቹን ሊገድሏቸው ነው ይባላል» አሉ።

«ሰምተዋል እንዴ፣ አባባ?»

«ጀጎል ውስጥ ምን ይደበቃል?» ፊንጃላቸውን አስቀመጡ። «ቅጥሩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አባቶቻችን ዝም ብለው አልተዉአቸውም። ወራባ ይግባ፣ ከተማውን ይጥረግ፣ ይውጣ ብለው ነው። በዓሹራ ቀን ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይዘን የምንወጣላቸውም ለዚሁ ነው። ከወራባ ጋር ቃል አለን። ሰው የማያየውን ጂን ሳይቀር ይዞልን ይወጣል። አንቺ ተምረሻል፤ ይህን ተረት ነው ትይኝ ይሆናል።»

«አልልም።» የመቀሌውን ጥናት ነገረቻቸው። አያቷ በጥሞና ሰሟት፤ ቁጥሩን እንድትደግመውም ጠየቋት።

«207 ቶን» አሉ ለራሳቸው። «መቀሌም እንደዚህ ያውቁታል ማለት ነው።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኳ ጮኸ። አብዲ ነው፤ ያንሾካሹካል።

«ዶክተር፣ ሥጋውን በጆንያ ጭነውታል። ነጭ ዱቄት ነሰነሱበት። አራት ሆነው ወደ ፈላና በር ሄደዋል።»

«ተፈራስ?»

«ጋሽ ተፈራ የለም። ወለላን ጭኖ ሄዷል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ቄራ ነው አለን።»

ሂክማ ቆመች። ቄራ ቅዳሜ ነበር የተባለው። በዚህ ሰዓትስ ቄራ ማን ይቀበለዋል? ግን ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። አያቷ ከዘራቸውን አንሥተው ቀድመዋት ወጡ።

* * *

ከፈላና በር ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ የጅብ መጋቢው ቅርጫቱን አስቀምጦ ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል። ሁለት ባጃጆች መብራታቸውን አብርተውለታል፤ እንግዶች ስልካቸውን ደግነው ይጠብቃሉ። ከቁልቋሉ ጀርባ ዓይኖች ብልጭ ይላሉ። አምስት፣ ስድስት፣ ሌላም።

አያቷ በከዘራቸው ወደ ግራ ጠቆሙ። «እዚያ ነው የሚያልፉት። መንገዳቸው በሸለቆው ነው፤ አውቀው ነው ያስቀመጡት።»

ሂክማ ጓንቷን እያጠለቀች ቁልቁል ሮጠች። አራቱ ወጣቶች ጆንያውን ገልብጠው ሊሄዱ ሲሉ ደረሰችባቸው። ጠዋት ስለ ፈረንጆቹ የጠየቃት ልጅ አንዱ ነው። «እሱን እንዳትነኩት! ይህን የበላው ጅብ ሞቶ የሚወድቀው ማን ደጅ ላይ ነው? ውሻችሁስ? አሞራውስ? የምትቀዱት ውሃስ?» ልጁ እጁን ሰበሰበ። ሌሎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሂክማ ተንበርክካ ሥጋውን በእጅ ስልኳ ብርሃን እየለቀመች ወደ ጆንያው መለሰች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት...

«ስንት ነበር?»

«ሰባት» አለ ልጁ።

ስድስት ነው ያለው።

ከቁልቋሉ ሥር የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ሰማችና መብራቱን አዞረች። አንድ ጎረምሳ ጅብ ሰባተኛውን በአፉ አንጠልጥሎ ይመለከታታል። እሷ ስትነሣ እሱም ዞረ፤ በሸለቆው ሽቅብ፣ ቅጥሩ ላይ ወዳለው ቀዳዳ፣ ልጆች ገና ውጭ ወዳሉበት ወደ ጀጎል ውስጥ።

«አባባ! ቀዳዳውን!»

ስልኳ መዳፏ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ከእናቷ የመጣ ፎቶ ነው፤ ሥሩ ጽሑፍ አለው።

«ላሚቱ ደረሰች፣ ማሻ አላህ። 18 ሊትር ትሰጣለች ብሎኛል ሰውዬው። ለአራሷ ትኩሱን አልቤ ልሰጣት ነው። ግን አንገቷ ላይ ሁለት ቦታ ተላጭታለች፤ ምን ሆና ነው?»

ሂክማ ደወለች። አልገባም። ደግማ ደወለች። ለጊዜው ማግኘት አይቻልም የሚለው ድምፅ መለሰላት። ከላይ አያቷ ይጮኻሉ፤ ከቅጥሩ ውስጥ የልጆች ሳቅ ይሰማል። ከኋላዋ ደግሞ አንድ መኪና መብራቱን አጥፍቶ ቆመ፤ በሩም ተከፈተ።

«ጆንያውን አስቀምጪ፣ ዶክተር» አለ ተፈራ። «ስልኩንም።»

(ይቀጥላል)